የአያቴን ታሪክ ሣልኩት፤ ምን ብዬ ልጥራው?

ጥያቄ፦ «የአያቴን የሕይወት ታሪክ በሥዕል ሠርቻለሁ። በጥቁርና ነጭ፣ 90 ገጽ። አብዛኛው ገጽ በሳጥን የተከፋፈለ ነው፤ ሰዎቹ የሚናገሩት ፊኛ ውስጥ ተጽፏል። 12 ገጾች ግን ሙሉ ገጽ ሥዕል ሆነው ከሥራቸው ረጅም ጽሑፍ አላቸው። ዓይን ትልቅ አድርጌ ስለምሥል ወንድሜ ‹ይሄማ ማንጋ ነው› ይለኛል። ያነጋገርኩት አሳታሚ ‹የልጆች መጽሐፍ ብለን እናውጣው› አለኝ። ጓደኛዬ ‹ግራፊክ ኖቭል በዪው፣ ክብር አለው› ትላለች። አባቴ ደግሞ ‹ዱሮም የንግሥተ ሳባ ሥዕል ነበረን፣ ምኑ አዲስ ነው› ብሎ ዘጋው። ወደፊት በስልክም እንዲነበብ እፈልጋለሁ። ምን ብዬ ልጥራው? የትኛው መደርደሪያ ላይስ ይቀመጣል?»

አራቱ ሰዎች የተከራከሩ ይመስላል እንጂ ስለ አንድ ነገር አላወሩም። ወንድምሽ ያየው የአሣሣል ዘዬውን ነው። አሳታሚው ያየው ገዢውን ነው። ጓደኛሽ ሽፋኑን፣ አባትሽ የዘር ሐረጉን። አንድ ሥራ በአራቱም በኩል ስም ሊኖረው ይችላል። ችግር የሚመጣው አንድ ቃል ተፈልጎ አራቱንም እንዲሸከም ሲደረግ ነው።

ግማሹ ጭቅጭቅ ደግሞ የቃል ነው። እኛ ጋ «ካርቱን» ሲባል ቢያንስ ሦስት ነገር ነው። ልጆች ቴሌቪዥን ላይ የሚያዩት የሚንቀሳቀስ ሥዕል ካርቱን ነው። ጋዜጣ ላይ የባለሥልጣን አፍንጫ የሚረዝምበት ሥዕልም ካርቱን ነው። እንዳንቺ ዓይነቱም «የካርቱን መጽሐፍ» ይባላል። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ወፍራም ወረቀት ማለት ነበር። ሠዓሊዎች ግድግዳ ከመንካታቸው በፊት ንድፋቸውን የሚሞክሩበት። ዕቃ የምናሽግበት ካርቶን የዚሁ ቃል ወንድም ነው። በ1843 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) «ፓንች» የተባለው የለንደን የቀልድ መጽሔት፣ ለፓርላማው ሕንፃ ሊሣሉ በታሰቡ ንድፎች ላይ ለመቀለድ የራሱን የፌዝ ሥዕል «ካርቱን» ብሎ አወጣ። ቃሉ በዚያው ለፌዝ ሥዕል ቀረ፤ በኋላ ፊልሙም ወረሰው። ለአንቺ ሥራ ይህን ቃል ተዪው። አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ አኒሜሽን አይደለም። በአንድ ሥዕል ቀልዶ አያበቃም፣ ስለዚህ የጋዜጣ ካርቱንም አይደለም።

«ኮሚክ» የሚለውም ቢሆን ንጹሕ ስም አይደለም። «አስቂኝ» ማለት ነው። የአሜሪካ ጋዜጦች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንባቢ ለመሻማት የሚያስቁ ሥዕሎች ያትሙ ነበር። በ1895 «ኒው ዮርክ ወርልድ» ላይ የወጣው የሪቻርድ አውትኮልት ባለ ቢጫ ቀሚስ ልጅ የዚያ ዘመን ምልክት ነው። የሚናገረውን ብዙ ጊዜ የሚጽፉለት ቀሚሱ ላይ ነበር። ቀልዱ ሄደ፣ ስሙ ቀረ። ዛሬ ስለ ጦርነትና ስለ ካንሰር የሚተርክ ሥራ ሁሉ ኮሚክ ይባላል። ሌሎች አገሮች በሌላ በኩል ነው የሰየሙት። ፈረንሳዮች «የተሣለ ቅድ» ይሉታል፤ ጋዜጣ ላይ እንደ ቀጭን ቅዳጅ ስለሚወጣ። ጣልያኖች «ትንንሽ ጭስ» ይሉታል፤ ፊኛው ከአፍ እንደሚወጣ ጭስ ስለመሰላቸው። ብራዚሎች «ትንንሽ ሳጥን» ይሉታል። ሁሉም ዓይኑ መጀመሪያ ካረፈበት ነገር ስም አወጣ። ስለዚህ ስሙን ገልጠሽ ትርጉም ብትፈልጊ አታገኚም። ትርጉሙ ያለው አነባበቡ ውስጥ ነው።

አነባበቡን በአንድ ገጽ ላሳይሽ። የአንቺን ገጽ ስላላየሁት ከራሴ እፈጥራለሁ። የመጀመሪያው ሳጥን፦ አያትሽ ወጣት ናት፣ ጀበና ጥዳለች፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። በሩ ገርበብ ብሏል። ከበሩ ሥር የሰው ጫማ ጫፍ ይታያል። ሁለተኛው ሳጥን፦ ጀበናው ገንፍሎ ፍሙን አጥፍቶታል። በርጩማው ተገልብጧል። ሰው የለም። በቃ፣ ሁለት ሥዕል ነው። ማን ወሰዳት? ጮኸች ወይ? ጎረቤት ሰማ? አንዱም አልተሣለም። አንባቢው ግን ሁሉንም አይቷል። ያየውም በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ባለችው ነጭ ክፍተት ውስጥ ነው። የኮሚክ ሞተር ያቺ ክፍተት ናት። ፊልም ጊዜውን ራሱ ይነዳልሻል። ኮሚክ ግን ጊዜውን ቆራርጦ ይሰጥሽና ስፌቱን ላንቺ ይተወዋል።

አሜሪካዊው የኮሚክ ሠዓሊ ዊል አይስነር በ1985 ይህን «የተከታታይ ሥዕል ጥበብ» አለው። ሌላው የኮሚክ ሠዓሊ ስኮት ማክላውድ በ1993 ጠበቅ አድርጎ «ሆን ተብሎ ጎን ለጎን በቅደም ተከተል የተቀመጡ ሥዕሎች» ብሎ ተረጎመው፣ አንባቢ ክፍተቱን ስለሚሞላበት መንገድም በሰፊው ጻፈ። ይህ ትርጉም ጠቃሚ ነው፤ ግን አጥሩ አንዳንዴ ያስቃል። የጋዜጣውን ባለ አንድ ሥዕል ካርቱን ያስወጣል፣ አውሮፕላን ውስጥ ኪስ ውስጥ የምናገኘውን የሕይወት አድን ጃኬት አለባበስ ካርድ ያስገባል። ሌሎች ሊቃውንት በተቃራኒው ዋናው የቃልና የሥዕል ጋብቻ ነው ይላሉ፤ ለእነሱ ባለ አንድ ሥዕሉ ካርቱን ውስጥ ነው፣ ቃል የሌለው ተከታታይ ሥዕል አጠራጣሪ ነው። እኔ የምይዘው የመጀመሪያውን ነው፣ ከአንድ ጭማሪ ጋር፦ ቅደም ተከተሉ መተረክ አለበት። ካርዱ መመሪያ ነው። የማስታወቂያ ድርጅቶች ፊልም ከመቅረጻቸው በፊት የሚሥሉት የትዕይንት ንድፍም ኮሚክ ይመስላል፣ ግን የሥራ ዕቅድ ነው። ቀረጻው ሲያልቅ ይጣላል።

አሁን ወደ አባትሽ። እሳቸው በግማሹ ትክክል ናቸው፤ ግማሿ ደግሞ ትልቅ ናት። የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ሥዕል ሸራ ወይም ብራና ላይ በረድፍ በረድፍ ይሣላል፣ ብዙ ጊዜ 44 ሳጥን ሆኖ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ነው የሚነበበው። ከየሳጥኑ ጋር አጭር የአማርኛ ጽሑፍ አለ። ብዙውን ጊዜ ከዘንዶው ይጀምርና ወደ ቀዳማዊ ምኒልክ ይደርሳል። በማክላውድ ሚዛን ካየነው ያለ ክርክር ያልፋል። ዴቪድ ከንዝል የተባለው የታሪክ ምሁር ግን በ1973 ሌላ መስፈርት አስቀምጧል፦ ሥራው ለመባዛት የታሰበ መሆን አለበት ይላል። በዚያ ሚዛን በእጅ አንድ በአንድ የሚሣለው ሸራ ይወድቃል።

ለእኔ ግን ልዩነቱ ማተሚያው አይደለም። ሸራው ፊት የሚቆመው ሰው ታሪኩን ከቤቱ ያውቀዋል፤ ባያውቅ እንኳ አጠገቡ የሚተርክለት አለ። በሳጥኖቹ መካከል ያለውን የሚሞላው ትውፊቱ ነው። ያንቺን አያት ግን የሚያውቃት የለም። አንባቢሽ ክፍተቱን የሚሞላው ካንቺ ሥዕል ባገኘው ፍንጭ ብቻ ነው። ፍንጩ ካነሰ ይጠፋል፣ ከበዛ ይሰለቻል። ስለዚህ ለአባትሽ «የሥጋ ዘመድ ነው፣ ግን አንድ ቤት አይኖሩም» በያቸው።

ወንድምሽን ግን ተሳስቷል ከማለት ውጪ አማራጭ የለኝም። ትልቅ ዓይን ማንጋ አያደርግም። የራሳችንን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሄዶ ይይ። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ ያሉት መላእክት ዓይናቸው ምን ያህል ነው? በዚያ ሥርዓት ጻድቁ ፊቱ ሙሉ፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይሰጠዋል። ጃፓናዊው የማንጋ ሠዓሊ ኦሳሙ ቴዙካ ደግሞ ትልቁን ዓይን ከአሜሪካ አኒሜሽን ነው የወሰደው፣ በተለይ ከዲዝኒ። እንግዲህ ትልቅ ዓይን የማንም ርስት አይደለም። ማንጋ ማለት የጃፓን ኮሚክ ነው። የአሳታሚ ሥርዓት አለው፤ መጀመሪያ በርካሽ ወረቀት በሚታተም ወፍራም መጽሔት በምዕራፍ ይወጣል፣ ከዚያ በትንንሽ ቅጽ ይሰበሰባል። አገላለጡ ከቀኝ ወደ ግራ ነው፣ የጃፓን መጽሐፍ ስለሆነ። ዱሮ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ገጹን እንደ መስታወት ይገለብጡት ነበር። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ጎራዴኛ ሁሉ ግራኝ ሆኖ ቁጭ! በኋላ ተዉትና እንዳለ ማተም ጀመሩ። የእኛ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ነው። አማርኛ ጽፈሽ ከቀኝ የሚገለጥ መጽሐፍ ብትሠሪ አንባቢሽን በከንቱ ታደክሚያለሽ። በአሣሣልሽ ላይ የጃፓን ተጽዕኖ ካለ መግቢያሽ ላይ በአንድ መስመር ንገሪን። ሽፋኑ ላይ አትጻፊው።

ከጃፓኖቹ መውሰድ ያለብሽ ሌላ ነገር ነው፤ የድምፅ ቃል። ጃፓንኛ ለዝምታ ሳይቀር የሚጻፍ ድምፅ አለው። አማርኛም በዚህ ሀብታም ነው፣ ሠዓሊዎቻችን ግን ረስተውታል። የእንግሊዝኛውን የፍንዳታ ድምፅ በግዕዝ ፊደል ጽፈው ያልፋሉ። በሩ «ኳ ኳ» ይበል። ሰውየው «ዘጭ» ይበል። ጥይቱ «ጧ»፣ ቤቱ «እርጭ»። በርጩማው በተገለበጠበት ሳጥን ጥግ ላይ «እርጭ» የሚል ቃል በቀጭን ፊደል ቢቀመጥ ስንት ፊኛ ይተካል!

ጓደኛሽ ያለችው «ግራፊክ ኖቭል» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያታልላል። ቃሉን በ1964 የፈጠረው ሪቻርድ ካይል የተባለ ጸሐፊ ነው። ያስፋፋው ግን አይስነር ነው፤ በ1978 ስለ ኒው ዮርክ ድሆች ሰፈር ያሳተመው መጽሐፍ ሽፋን ላይ ጻፈው። የሚገርመው ያ መጽሐፍ አንድ ወጥ ልብ ወለድ አይደለም፣ አራት አጫጭር ታሪኮች ናቸው። ቃሉ ከመጀመሪያው የሽያጭ ቃል ነበር። መጽሐፍ መሸጫዎች በስቴፕለር የተያያዘውን ቀጭን ኮሚክ ስለሚንቁት፣ ጀርባ (ርዕሱ የሚጻፍበት የጥራዝ ጎን) ያለው ወፍራም መጽሐፍ ሌላ ስም ያስፈልገው ነበር። እስካሁንም በተግባር የሚለየው ቅርጹን ነው። የአሜሪካው ወርኃዊ ኮሚክ በተለምዶ 32 ገጽ ያህል ነው፣ ይቀጥላል ብሎ ያቆማል። ግራፊክ ኖቭል ጀርባ ያለው፣ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ነው። በወርኃዊ የወጡ 12 ቁጥሮች ተሰብስበው ሲጠረዙ ግራፊክ ኖቭል ተብለው ይሸጣሉ፤ ውስጡ አንድም መስመር አልተቀየረም። የፈረንሳይና የቤልጅግ አልበም ደግሞ ሦስተኛ ቅርጽ ነው፤ ሰፊ፣ ባለቀለም፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ብዙ ጊዜ 48 ገጽ። እኛም ዘንድ በ2018 የወጣው «ጀምበር» የልዕለ ኃያል ታሪክ ነው፤ ቅርጹ የአሜሪካውን ወርኃዊ ይመስላል።

ላንቺ ግን ዋናው ችግር «ኖቭል» የሚለው ግማሽ ነው። ወደ አማርኛ ስትመልሺው «ሥዕላዊ ልብ ወለድ» ይሆናል። ልብ ወለድ ማለት ልብ የወለደው፣ የተፈጠረ ማለት ነው። ያንቺ አያት አልተፈጠረችም። አርት ስፒግልማን አባቱ ከናዚ እልቂት እንዴት እንደተረፈ የሣለው «ማውስ» ሁለተኛ ቅጹ በ1991 ሲወጣ «ኒው ዮርክ ታይምስ» በልብ ወለድ ዝርዝር ውስጥ አስገብቶት ነበር። አይሁዶቹ በአይጥ፣ ናዚዎቹ በድመት ስለተሣሉ ይመስላል። ስፒግልማን ደብዳቤ ጻፈ፣ ጋዜጣው ወደ እውነተኛ ታሪክ ዝርዝር አዛወረው። በዓመቱ መጽሐፉ ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። አንቺ ደብዳቤ ለመጻፍ እንዳትገደጂ ከመጀመሪያው ትክክለኛውን ቃል ጻፊ።

አሳታሚው ያለውን ግን በፍጹም አትቀበዪ። «የልጆች» የሚለው የሥዕል ዓይነት አይደለም፤ የአንባቢ ዕድሜ ነው። ጃፓኖች በዚህ ግልጽ ናቸው፤ ሾነን፣ ሾጆ፣ ሰይነን የሚባሉት ክፍሎች የወንድ ልጆች፣ የሴት ልጆች፣ የጎልማሳ ወንዶች ማለት ነው እንጂ የታሪክ ዓይነት አይደሉም። ሾነን ውስጥ እግር ኳስም አለ፣ ምግብ ማብሰልም አለ። ኮሚክ ሁሉ የልጆች ነው የሚለው አስተሳሰብ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። አሜሪካ ውስጥ ኮሚኮች ወጣቱን ያበላሻሉ የሚለው ዘመቻ በ1954 ጫፍ ደረሰና አሳታሚዎቹ ራሳቸው ጥብቅ የሳንሱር ደንብ አወጡ። ለአዋቂ የሚሆነው ታሪክ ለዓመታት ከገበያ ጠፋ። የተረፈውን ያየ ሰው «የልጆች ነገር» ቢል አይፈረድበትም።

እኔም በዚህ ጉዳይ ጣቴን ተቃጥያለሁ። ከዓመታት በፊት ስለ ረሃብ ዘመን የሚተርክ ሥዕላዊ ሥራ አርትዖቱን ሠርቼ ነበር። አሳታሚው ሽፋኑን ደማቅ አድርጎ «ለልጆች» ብሎ ጻፈበት። አንድ መጽሐፍ መሸጫ ከቀለም መቀቢያ ደብተሮች ጎን ደረደረው። አንዲት እናት ለስድስት ዓመት ልጇ ገዝታ፣ ማታውኑ አንብባለት፣ በማግስቱ መለሰችው። እውነቷን ነው። መግዛት የነበረበት አዋቂ ደግሞ በዚያ መደርደሪያ በኩል አላለፈም።

ስለ 12ቱ ገጾች ልናገር። እዚህ ላይ ነው ሥራሽ በእርግጥ ሁለት ዓይነት የሆነው። ከሥዕሉ ሥር ጽሑፍ መኖሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም። በኮሚክ አባትነት የሚጠራው የጄኔቫው መምህር ሮዶልፍ ቶፕፈር በ1830ዎቹ ያሳተማቸው መጻሕፍት ፊኛ የላቸውም፤ ጽሑፉ ሁሉ ከሥዕሉ ሥር ነው። እሱ ራሱ ሲያስረዳ፣ ሥዕሉ ያለ ጽሑፍ ግልጽ እንደማይሆን፣ ጽሑፉም ያለ ሥዕል ምንም እንደማይል ጽፏል። ይህን በእጅሽ ልትሞክሪው ትችያለሽ። ገጹን ክፈቺ። ሥዕሉን በባዶ ወረቀት ሸፍኚና ጽሑፉን ብቻ አንብቢ። ታሪኩ ምንም ሳይጎድልበት ከቀጠለ ያ ገጽ በሥዕል የታጀበ ጽሑፍ ነው እንጂ ኮሚክ አይደለም። ቀጥሎ የገጾቹን ፎቶ ኮፒ ሳጥን በሳጥን ቁረጪና በውዢ። ሥራሽን የማያውቅ ሰው መልሶ መደርደር ከቻለ ቅደም ተከተልሽ ይሠራል። ካልቻለ ክፍተቶችሽ በጣም ሰፍተዋል። ሳጥኖቹን በፈለገው መንገድ ደርድሮ ሁሉም ትርጉም ከሰጡት ደግሞ የሥዕል አልበም እንጂ ትረካ አልሠራሽም።

ግምቴን ልንገርሽ። 12ቱ ገጾች የደከመሽ ቀን የተሠሩ ናቸው። ዘመን መዝለል ሲያስፈልግ፣ ወይም ፖለቲካውን ማብራራት ሲያስፈልግ፣ ጽሑፉ ላይ ወደቅሽ። ሁሉም ሰው ያደርገዋል። ሁለት መውጫ አለሽ። አንደኛው እነዚህን ገጾች የምዕራፍ መክፈቻ ማድረግ ነው፤ በእኩል ርቀት ከመጡ አንባቢ ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን ይረዳል። ሁለተኛው ጽሑፉን በግማሽ ቆርጦ ወደ ሳጥን መመለስ ነው። እኔ ብሆን ስድስቱን መክፈቻ አድርጌ ስድስቱን እንደገና እሥላለሁ።

የስልኩ ጉዳይ ከስም በላይ ነው። «ዌብቱን» የሚባለው ኮሪያ ውስጥ ያደገ ነው፤ ዳውም እና ኔቨር የተባሉት የኢንተርኔት ድርጅቶች፣ አንዱ በ2003፣ ሌላው በ2004 ነው የጀመሩት። ገጽ የለውም። በአውራ ጣት ወደ ታች የሚሳብ አንድ ረጅም ጥብጣብ ነው። የጊዜው መለኪያ የሳጥኖቹ ርቀት ነው፤ ረጅም ባዶ ቦታ ረጅም ዝምታ ነው። ያንቺን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ቴሌግራም ላይ ብትለቂው ዌብቱን አይሆንም። ስልክ ላይ የተቀመጠ መጽሐፍ ነው፣ ያውም ፊደሉ የማይነበብ። ስድስት ሳጥን ያለው ገጽ በስልክ ስፋት ሲጨመቅ አንባቢ በሁለት ጣት እየለጠጠ ነው የሚያነበው፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ይተወዋል። ሳጥኖቹን ፈትተሽ ወደ ታች እንደገና መደርደር አለብሽ። በሁለት ገጽ የተዘረጋ ትልቅ ሥዕል ካለሽ ኃይሉ ይጠፋል። ይህ የወራት ሥራ ነው። መጽሐፉ ሳያልቅ አትጀምሪው።

ፊኛ ላይም ጥንቃቄ አድርጊ። የእንግሊዝኛ ኮሚክ አጫጭር ቃል ስላለው ክብ ፊኛ ይበቃዋል። እኛ «አላስቀመጥንላችሁም» ብለን በአንድ ቃል 11 ፊደል እንደረድራለን። ቃሉ ተሰብሮ ወደ ታች ሲወርድ ያስጠላል። ስለዚህ መጀመሪያ ጽሑፉን ጻፊ፣ ከዚያ በዙሪያው ፊኛውን ሣዪ። ብዙዎች በተቃራኒው ሠርተው ፊደሉን ቅንጣት ያሳክሉታል።

መደርደሪያውን በተመለከተ ቤተ መጻሕፍትም አልተስማሙም። ዲዊ በሚባለው የመጻሕፍት ቁጥር አመዳደብ ኮሚክ በቅርጹ 741.5 ላይ ይገባል፣ ከሥዕል ጥበብ ጎን። ብዙ ቤተ መጻሕፍት ግን «ማውስን» ከታሪክ መጻሕፍት ጋር ያስቀምጡታል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ አንዱ ቅርጹን፣ ሌላው ጉዳዩን ተከትሏል። አንቺ መጽሐፉ የት እንደሚደረደር ማዘዝ አትችይም። ሽፋኑ ላይ የምትጽፊውን ግን ማንም አያዝብሽም።

እንግዲህ የማዝልሽ ይህን ነው። ከርዕሱ ሥር «እውነተኛ የሕይወት ታሪክ በሥዕላዊ ትረካ» በዪ። ሰው ሲጠይቅሽ «ኮሚክ ነው» በዪ፤ አትፈሪው። «ግራፊክ ኖቭል» የሚለውን ውጭ አገር ላለ አሳታሚ ወይም ለውድድር ስትልኪ ብቻ ተጠቀሚበት፤ እዚያ ቅርጹን ይነግራቸዋል፣ በቃሉ ብቻ ልብ ወለድ ነው ብሎ የሚያስብም ብዙ የለም። «ማንጋ» እና «ካርቱን» ይቅሩ። «የልጆች» የሚለውን አሳታሚው ካልተወ አሳታሚ ቀይሪ። በምትኩ ከኋላ ሽፋኑ ላይ «ከ14 ዓመት በላይ» ብለሽ ዕድሜውን በቁጥር ጻፊ። መሸጫው የትኛው ጋ ይሁን ቢልሽ ከግለ ታሪኮችና ከሕይወት ታሪኮች ጋር በያቸው፤ አያትሽን የሚፈልጋት አንባቢ እዚያ ነው የሚመጣው።

የመጨረሻው የገጽ ብዛት ነው። መጽሐፍ የሚታተመው በትልቅ ወረቀት ላይ ነው፤ አንዱ ወረቀት ታጥፎ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ይወጣዋል። የአውሮፓው አልበም 48 የሆነውም ለዚህ ነው፣ ሦስት ጊዜ 16። የአንቺ 90 ገጽ ለማንም አይመችም። 96 አድርጊው። ከሚተርፉት ስድስት ገጾች አንዱ ላይ የአያትሽን አንድ ፎቶ አስቀምጪ። ሌላው ላይ የትኛውን ንግግር ከእሷ አፍ እንደሰማሽ፣ የትኛውን ደግሞ አንቺ እንደሞላሽው በግልጽ ጻፊ። የሌሊት ወሬዋን አጠገቧ ሆነሽ አልቀዳሽም፤ ፊኛ ውስጥ የገባ ቃል ግን ቃል በቃል የተባለ ይመስላል። የቀሩትን አራት ገጾች ለስድስቱ እንደገና ለሚሣሉት ያዢላቸው፤ ጽሑፍ ወደ ሳጥን ሲመለስ ቦታ ይፈልጋል።